ካፖርቱን ሳይለብስ

በሽር በድንኳኑ ደጃፍ ጫማውን ሲያወልቅ መድና ለሴቶቹ ሻይ ትቀዳ ነበር። ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰና እጇን ለበለባት፤ አልጣለችውም። መጣ፣ አለች በሆዷ። በገዛ እግሩ መጣልኝ።

መምጣቱማ መች ይቀራል! መካነ ሰላም ላይ ከሠርግ መቅረት ይቻላል፣ ከለቅሶ ግን አይቀርም፤ ገዳይም ቢሆን መጥቶ አልቅሶ ይሄዳል። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ገባና "አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ" እያለ ከአማቱ ከሐጂ አሕመድኑር ጎን ተቀመጠ። ሚስቱ ጁማና በጓሮ በር በኩል ወደ ሴቶቹ ገብታ በሟቹ እናት አንገት ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። የእሷ እንባ እንኳ የእውነት ነው፤ መድና ይህንን አትክድም። ሟቹን ልታገባ ቀን ተቆርጦላት የነበረችው እሷው ናትና።

ሟቹ ሰዲቅ ነው፤ የመድና ታናሽ ወንድም። ሬሳው የለም። በባቲ አድርጎ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን ሲሻገር ባሕር በላው። አብሮት የነበረ አንድ የኩታበር ልጅ ዋኝቶ ወጥቶ ስልክ ደወለ፤ መርዶው በዚያ መጣ። ሸህ ኸባብ፣ ሰዲቅንም በሽርንም በአንድ ሎህ፣ በአንዲት የእንጨት ሰሌዳ፣ ቁርአን ያስቀሩት ሽማግሌ፣ ሬሳ በሌለበት ሶላተል ጋይብ አሰገዱ። ከዚያ ድንኳን ተጣለ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ።

ከተማው "ማን ገደለው?" ቢባል "ባሕር" ብሎ ይመልሳል። ባሕር ምን አደረገ? ባሕር የመጣለትን ነው የዋጠው። ልጁን ከቤቱ አስወጥቶ ለባሕር የሰጠው፣ ይኸውላችሁ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ በዱዓው መካከል ከሁሉ ቀድሞ አሚን ይላል።

የመድና እናት ቀመር የልጇ ፊት ገብቷታል። ማጀት ገብታ ክንዷን ያዘቻት።

"ለአላህ ስጪው ልጄ" አለቻት።

"አላህ የራሱን ያደርጋል እቴቴ። እኔም የራሴን አደርጋለሁ።"

የሁሉም ነገር መጀመሪያ ያ ኮምፒውተር ነው። መድና ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዋ ልጅ አዲስ ተገዝቶለት አሮጌውን ሊጥለው ሲል ለምና ወሰደችው። ሰው ከዐረብ አገር ወርቅ አጥልቆ ይመለሳል፣ መድና ብረት ተሸክማ መጣች እየተባለ ስንት ተሣቀባት! ሰዲቅ ግን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ የት እንደሚደርስ ሳያውቅ ቤት ተቀምጦ ስለነበር ወርቅ ቢመጣለት እንዲያ አይደሰትም። በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል ጠርጎ ማመልከቻ መጻፊያ አደረጋት። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ሲጠፋ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜም ይጠፋ ነበር፣ የሳዑዲው ልጅ ውስጡ ትቶት የሄደውን ጨዋታ አገኘ።

ጨዋታ ነው ቢሏችሁ አታምኑም። ስዕል የለው፣ ሙዚቃ የለው። ጥቁር መስተዋት ላይ አረንጓዴ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከሰማይ በላይ በከዋክብት መካከል የሚሄድ መርከብ አለ። ሰዎቹ ሁሉ በበረዶ ሣጥን ውስጥ ተኝተዋል። የነቃ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ተጫዋቹ። አየር እያለቀ ስለሆነ የተኙትን ቶሎ ደርሶ ካልቀሰቀሰ ሁሉም እንደተኙ ይቀራሉ። ተጫዋቹ የሚያደርገውን በቃል ይጽፋል፤ መሣሪያው የሆነውን ጽፎ ይመልስና "አሁን ምን ታደርጋለህ?" ብሎ ይጠይቃል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት ሲያበቃ፣ ሦስት መቀመጫ ዱካ ይደረደራል። መድና በግድግዳው በኩል፣ ሰዲቅ መካከል ከፊደሉ ፊት ለፊት፣ በሽር በበሩ በኩል። ሰዲቅ መዝገበ ቃላቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ የወጣውን ሁሉ ወደ አማርኛ እየመለሰ ጮክ ብሎ ያነባል፤ መድና እንግሊዝኛ ስለማታውቅ ለእሷ ብሎ ነው። "ነቃህ። ጨለማ ነው። ከሩቅ የሆነ ነገር ያንኳኳል። አሁን ምን ታደርጋለህ?" መድና "መብራቱን ያብራ" ስትል "መብራቱን አብራ!" እያለ ይጽፋል። በሽር "ወደ ሰሜን ይሂድ" ሲል "ወደ ሰሜን ሂድ!" እያለ ይጽፋል። ክረምቱ እንዲያ አለፈ። መድና ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ከልቧ የሣቀችው በዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

ከመርከቡ የሚያስወጣ የውጪ በር አለ። ከበሩ ወዲያ አየር የለም፤ አየር በሌለበት የሚለበስ ልብስ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ሰዲቅ ለዚያ ልብስ አማርኛ ቢያጣለት ካፖርት አለው። የመካነ ሰላምን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ውጭ ሲወጣ የሚለበስ ነገር ካፖርት ነዋ! ታዲያ ሰዲቅ ችኩል ነው፤ በሩ ጋ ሲደርስ ካፖርቱን ይረሳና "በሩን ክፈት!" ብሎ ይጽፋል። መሣሪያውም ይመልሳል፦ "ሞተሃል። ትመለሳለህ?" በሽር ራሱን ይዞ ይነሣል። "ካፖርቱን! ስንቴ ልንገርህ ካፖርቱን!" ሰዲቅ እየሣቀ የአዎን ፊደል ይጫናል፤ ጨዋታው እንደገና ከመጀመሪያው ይነቃል።

በሽር እንዲህ ነው፣ ከልጅነቱ። ገበጣ ላይ ዳር ቆሞ ሲያይ እንኳ ዝም ማለት አይሆንለትም። ሰው ተሳስቶ ሲጫወት ካየ እጁን የሚበላው ሰው ነው። መድና ይህን ታውቃለች፤ ለክፉ ቀን ብላ ሆዷ ውስጥ ያስቀመጠችው ዕውቀት ግን አልነበረም።

የመንገድ ዳር መስኮት ጆሮ አለው። ጎረቤታቸው የሻለም ከገበያ ስትመለስ ከክፍሉ ውስጥ ሰዲቅ ማንም ሳይታይ "ክፈት! ግባ! ማን ነህ? ስምህን ተናገር!" እያለ ሲያዝ ሰማች። ደንግጣ ሮጠች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ለልጁ ብላ ነው ለአንዷ የነገረችው። አንዷ ለሌላዋ ነገረች። ሳምንት ሳይሞላው ሰዲቅ ከዐረብ አገር በመጣ መስተዋት ውስጥ ጂን ያናግራል ተባለ። ጂኑ በአረንጓዴ ፊደል ይመልስለታል ተባለ። ይኸኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።

ወሬው የጁማና አባት ዘንድ ደረሰ። ሐጂ አሕመድኑር ቸኩለው የሚቆርጡ ሰው አይደሉም፣ ልጅ ሲዳር ይጠየቃልና የቅርብ ጓደኛውን በሽርን አስጠሩት። "አንተ ከእሱ ቤት አትጠፋም፤ የሚሉት እውነት ነው ወይ?" አሉት።

በሽር አንገቱን ደፋ። "እኔ ምን አውቄ ሐጂ" አለ። "ጓደኛዬ ነው፤ ክፉ ላወራበት አልፈልግም።"

ይቺን አያችሁልኝ? ከውሸት ሁሉ የከፋችው ውሸት ይቺ ናት። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ሰውየውን ግን ቀበረው። ሰዲቅ ሐጂ ቤት ሄዶ "ይምጡና በዓይንዎ ይዩት፣ ጨዋታ ነው" ቢል "ጂን ፊት ልታስቀምጠኝ ነው?" ብለው በሩን ዘጉበት። "በሽርን ጠይቁት፣ አብሮኝ ነው የሚጫወተው" ቢል "ጠይቀነዋል" አሉት። የመድናን ምስክርነት እንደሆነ እህቱ ናት ብሎ የሰማት የለም። የሠርጉ ቀን ቀረ። ማመልከቻ የሚያስጽፍም ቀረ። በዓመቱ ጁማናን በሽር አገባት። ሰዲቅ ኮምፒውተሩን በጋቢው ሸፍኖ፣ ለእናቱ እንኳ ሳይነግር ወጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ተወጊው ከሞተ ደግሞ እህቱ አትረሳም።

አሁን የሰደቃው ቀን ነው። የሟቹ ልብስ ለችግረኛ ተሰጠ። ኮምፒውተሩ ጋ ሲደረስ ሁሉም ወደ ኋላ አለ፤ የሚወስደውም የሚነካውም ጠፋ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ከቤት ከመውጣቱ በፊት ቁርአን ይቀራበት፤ ያለበለዚያ ለዚህ ቤትም ደግ አይደለም" አለ። ብዙዎቹ ልክ ነው አሉ።

መድና ይህቺን ነበር የምትጠብቀው። ስትጠብቅ ነው የሰነበተችው። ለቀስተኛው ሳይመጣ በጠዋት ክፍሉን ዘግታ ስትቀመጥ ሴቶቹ በወንድሟ ዕቃ ላይ ታለቅሳለች ብለው አዘኑላት፤ እሷ ግን ወንድሟ ያሳያትን ፊደል አንድ በአንድ እያስታወሰች መንገዱን ስታጠና ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ከሴቶቹ መካከል ወጣችና የወንዶቹ ድንኳን ገባች።

"ይቀራበት አባቴ" አለቻቸው ሸህ ኸባብን። "ግን አንቱ የሚቀሩበትን ነገር ሳያዩ እንዴት ይቀራሉ? መጀመሪያ ይከፈትና ጂኑን ሁሉም ይየው።"

ድንኳኑ ተንጫጫ። ሸህ ኸባብ ጺማቸውን እየዳበሱ ትንሽ አሰቡ። "ጂን ካለም እናየዋለን፣ ከሌለም እናርፋለን። አምጡት" አሉ።

የመብራት ገመድ ከቤት እስከ ድንኳን ተዘረጋ። መድና በሆዷ፣ ያ ረቢ፣ ዛሬ ብቻ መብራቱን አታጥፋብኝ፣ እያለች ለመነች፤ መካነ ሰላም ላይ መብራት ሰው ሲፈልገው ነው የሚጠፋው። ኮምፒውተሩ አጓርቶ በራ። ከፊት የነበሩት ሸሸት አሉ። በሽርም አብሮ ሸሸት አለ፤ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ ሸሸ።

ሸህ ኸባብ ወደ እሱ ዞሩ። "አንተ ጓደኛው ነበርክ በሽር። ይህን ነገር ታውቀዋለህ?"

"ኧረ እኔ አላውቀውም አባቴ" አለ በሽር። "ቀርቤውም አላውቅ።"

"ደግ" አሉ ሸሁ፤ ሐጂ አሕመድኑርም ሰምተዋል፣ ድንኳኑ በሙሉ ሰምቷል። መድና ዱካዋን ስባ ተቀመጠች።

ፊደሉ ወጣ። መድና ማንበብ አትችልም፣ ግን ሰዲቅ ስንቴ አንብቦላታል! እንደ እሱ ጮክ አድርጋ "ነቃህ። ጨለማ ነው። ከሩቅ የሆነ ነገር ያንኳኳል። አሁን ምን ታደርጋለህ?" አለች። ፊደል እየለቀመች መብራቱን አበራች። አንዱ ሽማግሌ ጎረቤቱን "ይኼ ተረት ነው እንዴ?" አለው። ሸህ ኸባብ ሰሙና "ተረት ነው እንጂ" አሉ፣ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ። የፊተኞቹ ቀስ በቀስ ተጠጉ።

መድና ግን ዓይኗ ከመስተዋቱ ይልቅ በጥግ በኩል በሽር ላይ ነበር። ሆን ብላ ተሳሳተች። ወደ ሰሜን መሄድ ሲገባት ወደ ደቡብ ሄደች፤ በሽር ምላሱን ጠቅ አደረገ። የተከፈተውን ሣጥን ሳታይ አለፈችው፤ በሽር ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። ተመልሳ ወደ ሰሜን ስትሄድ ትንፋሹን ለቀቀ። ሳያውቀው ከአማቱ ጎን ተነሥቶ እየተንፏቀቀ ከሰዎቹ ትከሻ ኋላ መጥቷል። እዚያ ድንኳን ውስጥ ለቅሶውንም፣ ጂኑንም፣ ሚስቱንም ረስቶ የሰማዩ መርከብ ውስጥ የገባ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

"አሁን የውጪው በር ጋ ደርሻለሁ" አለች መድና ረጋ ብላ። "በሩን ልከፍተው ነው።"

አንድ ፊደል መታች። ሁለተኛውን መታች።

"ካፖርቱን!" አለ በሽር። "ካፖርቱን ሳትለብሺ? ካፖርቱን ልበሺ መጀመሪያ!"

አፍ ሲከፈት ራስ ይታያል ማለት ይኸው ነው። ሁሉም ወደ መስተዋቱ ዞረ። መስተዋቱ ላይ ካፖርት የለም፤ ከአረንጓዴ ፊደል በቀር ምንም የለም።

"የምን ካፖርት ልጄ?" አሉ ሸህ ኸባብ፣ በለሆሳስ፣ ሎህ ላይ የሳተን ልጅ እንደሚጠይቁት።

በሽር ወደ ሐጂ አሕመድኑር አየ። ሐጂ ደግሞ ወደ መሬት እያዩ ነበር።

"ንገራቸው እንጂ" አለች መድና። "ቀርበኸው አታውቅ የለ?"

ያን ጊዜ ይምላል፣ ይክዳል ብላ ነበር የጠበቀችው። ለዚያም ተዘጋጅታበት ነበር። በሽር ግን ፊቱ ተሰብስቦ እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመረ፤ ይኸኛው ደጃፍ ላይ ይዞት የመጣው ለቅሶ አልነበረም።

"ሰዲቅ ሁልጊዜ እዚህ በር ላይ ነው የሚሞተው" አለ። "ይቸኩላል። ካፖርቱን ይረሳል። የማስታውሰው እኔ ነበርኩ።"

ጁማና ከቤቱና ከድንኳኑ መካከል ባለው መጋረጃ ጋ ቆማለች። መቼ እንደመጣች ማንም አላያትም። "አብረኸው ትጫወት ነበር?" አለችው። በሽር በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ሐጂ አሕመድኑር በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ። ለቀስተኛውን አሰላሙ ዓለይኩም ብለው፣ በሽርን ሳያዩት አለፉና መጋረጃው ጋ ሲደርሱ "ልጄ፣ ጫማሽን አድርጊ፤ ወደ ቤትሽ እንሂድ" አሏት። የትኛው ቤት እንደሆነ ሁሉም ገባው። ሁለቱ በግቢው በር ሲወጡ ከድንኳኑ አንድ ሰው ላስታርቅ ብሎ አልተነሣም።

መድና ደስ አላት። ምን ይዋሻል፣ ደስ አላት። ከመርዶው ቀን ጀምሮ ደረቷ ላይ ተጋድሞ የነበረው ነገር ብድግ ያለላት መሰላት። በሽር ተንበርክኮ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ።

"መድና፣ አውፍ በይኝ።"

"አውፍ የሚልህ ባሕር ውስጥ ነው" አለችው። "ሂድና እሱን ጠይቀው።"

ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። ሸህ ኸባብ ሊቀሩበት የዘረጉትን ቁርአን ስመው አጠፉት። "እዚህ ዕቃ ውስጥ ጂን የለም" አሉ። "ጂኑ ተነሥቶ ሄዷል።" ከዚያ ለሰዲቅ ዱዓ አደረጉ፣ ሰውም ከአንጀቱ አሚን አለ፤ ከዚህ በፊት ያላዘነለት ሁሉ ያን ቀን አዘነለት። የሻለም ከሴቶቹ መካከል ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ የሟቹ እናት ቀመር ናት ያባበለቻት።

አስር ተሰግዶ ሰው ሲሳሳ መድና ኮምፒውተሩን ወደ ክፍሉ አስመለሰችው። ገመዱን ሰክታ አበራችው። ያንኑ መንገድ፣ መብራቱን፣ ሰሜኑን፣ በሩን፣ አንድም ሳትስት ሄደች። ካፖርቱን አልለበሰችም፤ እንዴት እንደሚለበስ የሚጻፈውን አታውቀውም፣ ሁልጊዜ በሽር ነበር የሚለው። በሩን ከፈተችው።

ሁለት አጫጭር መስመር ወጣ። ይህን ማንበብ አያሻትም። ሞተሃል። ትመለሳለህ?

የአዎን ፊደል ተጫነች።

መስተዋቱ በአረንጓዴ ጽሑፍ ሞላ። ይህኛው ግን ዘወትር የምታውቀው አልነበረም። ረጅም ነው፣ አዲስ ነገር ያለበት ይመስላል፤ ሰዲቅም ያልደረሰበት ሊሆን ይችላል፣ ወይም እሷ የሆነ ፊደል ተሳስታ ነው። ከላይ እስከ ታች አየችው። አንድም ቃል አልገባት አለ። ጆሮዋ የለመደውን ድምፅ ጠበቀ። ይህን ጽሑፍ በዚያ ድምፅና በዚያ አማርኛ የሚመልስላት አንዱ ባሕር ውስጥ ነው። ሌላው፣ በዚህች ምድር ላይ የቀረው ብቸኛው፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በገበያው መንገድ ወርዶ ሄዷል፤ እሷው ናት ያባረረችው።

ተነሥታ በመስኮቱ አየች። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

ተመልሳ ተቀመጠች። መሣሪያው ጠይቋት መልስ ይጠብቃል፤ መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች። መድና ሦስቱን ዱካዎች እንደ ድሮው ደረደረች። የራሷን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገችና መካከሉን ባዶ ተወችው።